ስሙ ሥራውን የቀደመው ሰው፤ የኦነሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

ከስድስት ኪሎ ወደ አራዳ በእግሩ የወረደ ተማሪ ሁሉ አፍንጮ በርን ያውቃል። እኛም በተማሪነታችን ዘመን በዚያው ሰፈር ከአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ኖረናል። ግቢው ከጉራጌ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከወለጋ የመጣ ሰው በአንድ ቧንቧ ውሃ የሚቀዳበት፣ ቡናም በየተራ እየተፈላ የሚጠጣበት ግቢ ነበር።

አንድ እሑድ ጧት ጎረቤታችን ቡና አፍልተው ጠሩን። በዚያ ሰሞን ለሕክምና ከወለጋ የመጡ አንዲት አዛውንት እናት በቤታቸው በእንግድነት ተቀምጠው ነበር። የቤቱ ልጅ ሕመምተኛዪቱን ለማጽናናት ብሎ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ መዝሙር በአማርኛ አነበበላቸው። እናት አንገታቸውን ደፍተው በጨዋነት አዳመጡ። ሲያበቃም አመሰገኑት። ነገር ግን ከፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ልጁ ጥቂት አሰበና ከራስጌው ሌላ መጽሐፍ አውጥቶ ያንኑ መዝሙር በኦሮምኛ አነበበ። በዚህ ጊዜ እናት በእጃቸው የያዙትን ስኒ መሬት አስቀመጡ። ከንፈራቸው ከአንባቢው ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ጀመር። ንባቡ ሲያበቃም እንዲደግምላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

መዝሙሩ ያው መዝሙር ነው። ሰሚዋም ያችው ሰሚ ናት። የተለወጠው ቋንቋው ብቻ ነው። ታዲያ ያ መጽሐፍ ለእኒያ እናት በሚገባቸው ቋንቋ እንዲደርስ መጀመሪያ ማን ደከመበት? ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው የዚያን ሰው ሕይወት ነው። ታሪኩ ከባሕር ማዶ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። ስሙን ሂካ አሉት። ሂካ ማለት በኦሮምኛ ተርጓሚ፣ ፈቺ ማለት ነው። ስም ያወጡለት ወላጆቹ ልጃቸው ወደፊት ምን እንደሚሠራ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ሆኖም ስሙ ሥራውን ቀድሞት መጣ። አባቱ ነሲብ ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው ሞቱና ሂካ በእናቱ እጅ ማደግ ጀመረ።

በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ አገሪቱን እንደ ተስቦ በሽታ የሚበላ መቅሠፍት ነበር። ፈንጋዮች ከብት ጠባቂውን ልጅ ከመስክ፣ ውሃ የምትቀዳዪቱን ልጅ ከምንጭ እያፈኑ ወደ ባሕር ጠረፍ ይነዱ ነበር። በ1869 ሂካም በእነዚህ ሰዎች እጅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የደረሰበትን ዘርዝረን ባንተርከውም አንድ ቁጥር ብቻ በቂ ነው። ይህ ልጅ ምጽዋ እስኪደርስ ድረስ ስምንት ጌቶች ተቀባበሉት። በስምንት ጌቶች እጅ ያለፈ ልጅ የእናቱን ድምፅ ቢረሳ፣ የአገሩም ቋንቋ ከአፉ ቢጠፋ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1870 ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊሳዊ ልጁን ከባርነት ነጻ አወጣውና በወደቡ ከተማ ለነበሩት የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ሰዎች ሰጠው። ሂካ ትምህርት ወዳድ ሆኖ ተገኘ። መጋቢት 31 ቀን 1872 የትንሣኤ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ይህ ስም በዘፈቀደ የተሰጠ አይመስለንም። በሐዲስ ኪዳን ኦነሲሞስ የፊልሞና ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ጌታው እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው በመልእክቱ ለምኖለታል። የስሙ ትርጓሜ ጠቃሚ ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ወጣት ሁለት ስም ያዘ፤ አንዱ ተርጓሚ፣ ሁለተኛው ጠቃሚ። ቀሪ ዕድሜውንም ሁለቱን አንድ ለማድረግ ሠራበት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ኦነሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው በስቶክሆልም አጠገብ፣ በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። እንደ ባሪያ ተሸጦ የነበረ ልጅ በአውሮፓ ከተማ መምህር ሆኖ ወጣ። ስዊድንኛን ተማሩ፤ መጻሕፍትንም መረመሩ። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው በዚያው በባሕር ማዶ ተቀምጦ ሊኖር እንደሚችል የዛሬ ወጣት ምሁራን አይስቱትም። ኦነሲሞስ ግን ሐሳባቸው ወደ ወለጋ ነበር። ትምህርቱን ወደ ወገኖቻቸው ሊያደርሱ ተመለሱ። ምጽዋ እንደ ደረሱም ምሕረት ኃይሉ የተባሉትን ሴት አገቡ።

መመለስ ማሰብ ቀላል ነው፤ መድረስ ግን ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1881 ኦነሲሞስና ባለቤታቸው ከአሬኒዩስ ከተባለው ስዊድናዊ ጋር ሆነው በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ተነሡ። የግብፅን ገዢ ፈቃድ ይዘው ነበር፤ ከጄኔራል ጎርደንም ደብዳቤ ነበራቸው። ከአሶሳ ወዲያ ማዶ እስካለችው እስከ ፋማካ ደረሱ። አገራቸው ከፊታቸው ነበረ። ነገር ግን መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው ወደ ኋላ ተመለሱ። ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲገቡ ኦነሲሞስ በንዳድ ታመው ወደቁ። ዳኑ፤ ዳሩ ግን በዚያው ጊዜ የማህዲ ሁከት ሱዳንን ያናውጥ ጀምሮ ነበር። በብዙ ጭንቅ በሱዋኪን በኩል አምልጠው ምጽዋ አጠገብ ወዳለው ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

ሁለተኛው ሙከራ በ1886 ተጀመረ። በዚህ ጊዜ በሸዋ በኩል መጡና በሚቀጥለው ዓመት እንጦጦ ደረሱ። ከአፍንጮ በር ቆሞ ወደ ሰሜን ሽቅብ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ተራራ ከራሱ በላይ ይታየዋል። አዲስ አበባ ገና በመቆርቆር ላይ በነበረችበት በዚያ ወራት ኦነሲሞስ በዚያ ተራራ ላይ ሆነው የንጉሡን ፈቃድ ጠበቁ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ግን ወደ ፊት እንዲያልፉ አልፈቀዱላቸውም። ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ባሕር ጠረፍ ተመለሱ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ተስፋ ቆርጦ በተወው ነበር። ኦነሲሞስ ግን ሰውነታቸው ሊገባበት ያልቻለውን አገር ቃላቸው እንዲገባበት ቆረጡ። ራሳቸው መድረስ ካልቻሉ መጽሐፍ ይድረስ አሉና በእምኩሉ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ። ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ የመዝሙር መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀምረው ነበር። አሁን ደግሞ ፊታቸውን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ አዞሩ።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንመልከት። ቅዱስ መጽሐፍን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መተርጐም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በአክሱም ዘመን መጻሕፍቱ ወደ ግዕዝ የተመለሱት ግዕዝ በዚያ ጊዜ የሕዝቡ መነጋገሪያ ስለ ነበረ ነው። ግዕዝ ከገበያና ከቤት ወጥቶ በቤተ ክርስቲያን ብቻ ሲቀር፣ አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የሚባሉት የጎጃም መነኩሴ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካይሮ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት። ትርጉማቸውም በ1840 በሙሉ ታትሞ ወጣ። ለኦሮምኛም ቢሆን ጀማሪዎች ነበሩ። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ አንዳንድ ክፍሎችን አሳትሟል፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብም በዚሁ ሥራ ደክመዋል። መጽሐፉ በሙሉ፣ ያውም በቋንቋው ተወላጅ እጅ ተተርጕሞ እንዲወጣ ግን ኦነሲሞስን መጠበቅ ነበረበት።

አሁን ቅድም በልባችሁ ያዙልን ወዳልነው ነገር እንመለስ። ኦነሲሞስ ለመተርጐም ብዕር ሲያነሡ አንድ መራራ ነገር አገኙ። የእናታቸውን ቋንቋ በበቂ አያውቁትም። ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቋንቋዎችን እየተማሩ አድገዋል። ከብት ጠባቂ ልጅ የሚያውቀው ኦሮምኛ ቀርቷቸው ይሆናል። ነገር ግን ሽማግሌ በሸንጎ የሚናገረው፣ ሙሾ አውራጇ የምታዜመው፣ ሙሽራ የሚመረቅበት፣ ባላጋራ የሚታረቅበት ኦሮምኛ ከእሳቸው ጋር ባሕር አልተሻገረም። መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ሙሾም፣ ምርቃትም፣ ሙግትም፣ ምሳሌም የሞላበት መጽሐፍ ነው። በግማሽ ቋንቋ ሊተረጐም አይችልም።

በዚህ ጊዜ አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት መጣችላቸው። አስቴርም እንደ እሳቸው የባርነትን ቀንበር የቀመሰች ናት። በ1886 ቀይ ባሕርን ሊያሻግሯት ሲሉ የኢጣልያ መርከብ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ አስጥሏት በእምኩሉ ትማር ነበር። እሷ ከአገሯ የወጣችው ቋንቋውን ጠግባ ነው። የማስታወስ ኃይሏም ብርቱ ነበር። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን ከልቧ እያወጣች ወደ 500 ያህል በጽሑፍ አኖረች። ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑትንም ቃላት ሰበሰበች። በአውሮፓ የተማሩት መምህር በዕድሜ ከእሳቸው በብዙ የምታንስ ልጅ ፊት ተቀምጠው የገዛ ቋንቋቸውን እንደ ገና ተማሩ።

እኛ የኦነሲሞስን ታላቅነት ከሁሉ ይልቅ የምናየው በዚህ ላይ ነው። በባርነት ውስጥ ማለፋቸው ያሳዝናል፤ ወደ አውሮፓ ሄደው መማራቸው ያስመሰግናል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ተምሯል። የተማረ ሰው ያልተማረው ሰው የያዘውን ሀብት አይቶ ዝቅ ብሎ መቀበል ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚደርስበት ደረጃ ነው። በመጽሐፉ ላይ የወጣው የኦነሲሞስ ስም ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን የመረመሩ ሊቃውንት ከትርጉሙ ብዙው ክፍል የአስቴር እጅ ያለበት መሆኑን ይመሰክራሉ። ስለዚህ ይህን ሕይወት ስንተርክ የእሷን ስም ብናልፍ ግፍ ይሆንብናል።

ሥራው ፍሬ ማፍራት ጀመረ። በ1893 ሐዲስ ኪዳን ታተመ። በ1894 አስቴር ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች የተመረጡ የገቡበት የኦሮምኛ ንባብ መለማመጃ ወጣ። ተርጓሚዎቹ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው መኖር እንዳለበት አስበው ነበርና ፊደል የሚቆጥርበትንም አብረው አዘጋጁ። ለጀማሪ ተማሪ የሰጡትም እንግዳ ነገር ሳይሆን ከአያቱ አፍ የሚያውቀውን ተረት ነበር። በመጨረሻ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ተጠናቀቀ። ኦነሲሞስም ኅትመቱን ለመቆጣጠር ስዊስ አገር፣ ባዝል አጠገብ ወዳለው ወደ ቅድስት ክሪሾና ሄዱ። መጽሐፉ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። የግዕዝ ፊደል የኦሮምኛን ረዥምና አጭር ድምፅ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ ለአንባቢው ችግር ነበረው። ሆኖም በዚያ ዘመን ፊደል የቆጠረ ሰው በአገሪቱ የሚያውቀው ይህንኑ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ እግዚአብሔር የተጠራውም ኦሮሞው በጸሎቱና በምርቃቱ ሲጠራው በኖረው ስም፣ ዋቃዮ ተብሎ ነው። ሰሚው ስለ ባዕድ አምላክ የሚነገር መስሎት እንዳይርቅ ይህች አንዲት ቃል ብዙ መንገድ ጠርጋለች።

መጽሐፉ አለቀ፤ ተርጓሚው ግን ገና ከአገሩ ውጭ ነበር። በ1904 በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተና ኦነሲሞስ ወለጋ ገቡ። ታፍነው ከተወሰዱ 35 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ልጅ ሆነው በገመድ ታስረው የወጡበትን አገር መጽሐፍ ተሸክመው ገቡበት። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው። በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከመጀመሪያዪቱ ባለቤታቸው ሞት በኋላ ያገቧቸው ሊዲያ ዲምቦና አስቴር ጋኖም በማስተማሩ ሥራ ረዷቸው። ኦነሲሞስ በአገሬው ዘንድ በልጃቸው ስም አባ ገመቺስ ተብለው ይጠሩ ጀመር።

ደስታው ግን አልቆየም። ኦነሲሞስ በኦሮምኛ ሲሰብኩ ሕዝቡ ተሰበሰበ። በአካባቢው የነበሩት ካህናት ብዙዎቹ ቋንቋውን አያውቁትም ነበርና የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ተመለከቱት። እመቤታችንን ይሳደባል የሚል ክስ ቀረበባቸው። በ1906 አዲስ አበባ ተጠርተው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቆሙ፤ ከአገር እንዲወጡም ተፈረደባቸው። ከ19 ዓመት በፊት ከእንጦጦ የተመለሱት ሰው አሁን ደግሞ ከተራራው ግርጌ ባደገችው ከተማ ውስጥ፣ በደረሱበት አገር ለመኖርና ላለመኖር ይሟገቱ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ነገሩን አይተው ፍርዱን ለወጡት። ኦነሲሞስ ወደ ነቀምቴ ይመለሱ፣ ነገር ግን አይስበኩ ተባለ።

ይህ ብይን ለአንድ ሰባኪ ቀላል አይደለም። ኦነሲሞስ ግን ከአፍ የተከለከለውን በፊደል ሠሩት። ዝም ብለው ትምህርት ቤታቸውን ያዙ። ልጆችን ማንበብ አስተማሩ። ማንበብ የቻለ ልጅ መጽሐፉን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል፤ በምድጃ ዙሪያም ለእናትና ለአባቱ ያነባል። በአደባባይ ያልተሰማው ቃል በየጎጆው ይሰማ ጀመር። አሥር ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የማስተማርና የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው። ልጅ ኢያሱ ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ኦነሲሞስም መጽሐፎቻቸውን እያደሉ፣ እያስተማሩ ኖረው ሰኔ 21 ቀን 1931፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ። ዕለቱ እሑድ ነበር። አስቴር ጋኖ ከእሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ በ1964 ዐረፈች።

ከዚያ በኋላ የኦሮምኛ ጽሑፍ ብዙ ፈተና አይቷል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት በቋንቋው መጽሐፍ ማሳተምና ማስተማር የማይበረታታ፣ እንዲያውም የሚከለከል ነገር ነበር። ቢሆንም የ1899ኙ መጽሐፍ በየቤቱ ሲነበብ ኖረ። ቋንቋው በጽሑፍ ሊቆም እንደሚችል ማስረጃ ሆኖም ቆየ። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል፤ የትምህርትና የሥራ ቋንቋም ሆኗል። መጽሐፍ ቅዱስም በዚሁ ፊደል ይነበባል። ዛሬ በዓለም ላይ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ከ700 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይገኛል። ከነዚህ አብዛኛው እንደ ኦነሲሞስና እንደ አስቴር ያሉ፣ ስማቸው ሁልጊዜ የማይነሣ የአገር ተወላጆች ላብ አለበት።

ከዚህ ሕይወት እኛ ወጣቶች ምን እንወስዳለን? ኦነሲሞስ የሃይማኖት ሰው ነበሩ። ትምህርታቸውን የሚቀበልም የማይቀበልም አንባቢ ይኖራል። ዳሩ ግን ከሥራቸው የሚገኘው ምክር በትምህርት ቤትም፣ በሐኪም ቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም ላለ ሰው ሁሉ ነው። የሚነግሩትን ሰው ቋንቋ ሳያውቁ መናገር ለራስ መናገር ነው። በከተማ ተምረን ወደ ገጠር የምንላክ ሹማምንት ስንት ጊዜ ነው ማስታወቂያ ለጥፈን ሕዝቡ አልሰማም ብለን የምንወቅሰው? ስንት ጊዜ ነው ሕመምተኛው አንገቱን ስለ ነቀነቀ ብቻ የገባው የሚመስለን? አፍንጮ በር ላይ ያየናቸው እናትም በመጀመሪያው ንባብ አንገታቸውን ነቅንቀዋል፤ አመስግነዋልም። ያ ጨዋነት ነበር እንጂ መረዳት አልነበረም።

ሁለተኛው ምክር ከዚህ ይከብዳል። ቋንቋውን አውቃለሁ የሚል ሰው እንኳ ከሕዝቡ ርቆ ሲኖር ይረሳዋል። ኦነሲሞስ ይህን በራሳቸው ላይ አይተው አልደበቁትም። የሚያውቀውን ሰው ፈልገው ከእግሩ ሥር ተቀመጡ። ዲፕሎማችንን ግድግዳ ላይ ከሰቀልን በኋላ ከገበሬው፣ ከእናቶች፣ ከታናናሾቻችንም የምንማረው ነገር የቀረን መሆኑን ካመንን ከእሳቸው ትንሽ ተምረናል።

እኒያ አዛውንት እናት ከሕክምናቸው በኋላ ወደ ወለጋ ተመለሱ። የግቢው ሰው እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኛቸው። ልጁ ያን መጽሐፍ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው እንዲይዙት ሰጣቸው። እናት ራሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር። ይሁን እንጂ በቤታቸው ትምህርት ቤት የሚሄድ የልጅ ልጅ እንዳለ ልጁ ያውቅ ነበር።